ሥራዎ ምንድን ነው? የሥራ ላይ ካንሰር ዕውቀትና የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያው ታሪክ

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ የሠራተኞችን በሽታ ብቻ የሚተነትነውን ታዋቂ መጽሐፋቸውን በሞዴና ከተማ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1700 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሌላ መልክ ካልተገለጹ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐኪሙ ለዚህ ሥራ የተነሣሡት በገዛ ቤታቸው የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲጠርግ ያዩትን ሰው በማነጋገር እንደሆነ ራሳቸው ጽፈዋል። ሰውየው ያለ ዕረፍት የሚጣደፍበትን ምክንያት ሲጠይቁት በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው ዓይኑን እንደሚያጣ ነገራቸው። ራማዚኒ ከዚህ በመነሣት ከሂፖክራተስ ጀምሮ ሐኪም ለበሽተኛ ሊያቀርባቸው ይገባል በተባሉት ጥያቄዎች ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር አሳሰቡ፤ ጥያቄውም «ሥራዎ ምንድን ነው?» የሚል ነው። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ የጡት ካንሰር በመነኮሳይያት ላይ ከሌሎች ሴቶች ይልቅ በብዛት እንደሚታይ መግለጻቸው፣ የካንሰርን ሥርጭት ከአኗኗር ጋር ካገናኙት ቀደምት ምልከታዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

ሥራን ከካንሰር ጋር በማያሻማ ሁኔታ ያስተሳሰሩት ግን በለንደን የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበሩት ፐርሲቫል ፖት ናቸው። በዘመኑ የእንግሊዝ ቤቶች የጭስ ማውጫ ቱቦዎች ጠባብና ጠመዝማዛ ስለነበሩ ጥቀርሻውን ለመጥረግ ትናንሽ ልጆች ወደ ውስጥ ይሰደዱ ነበር። ፖት በ1775 ባሳተሙት ጽሑፍ እነዚህ ልጆች ካደጉ በኋላ በቆለጥ ከረጢታቸው ቆዳ ላይ የሚወጣባቸው ቁስል ካንሰር መሆኑን፣ መነሻውም በቆዳው እጥፋት ውስጥ የሚቀረው ጥቀርሻ እንደሆነ አስረዱ። ከእርሳቸው በፊት ብዙ ሐኪሞች ቁስሉን የአባለ ዘር በሽታ አድርገው በመቁጠር በሜርኩሪ ያክሙት ነበር። በሽተኛው ላልሠራው ጥፋት እያፈረ፣ ትክክለኛውን ሕክምና የሚያገኝበት ጊዜም እያለፈበት ይሞት ነበር ማለት ነው። ይህንን ስህተት ለማረም የተራቀቀ መሣሪያ አላስፈለገም፤ የበሽተኞቹን ሥራ ማወቅ በቂ ነበር።

ከግኝቱ በኋላ የሆነው ነገር ይበልጥ ትኩረት የሚስብ ነው። በ1788 ከስምንት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በዚህ ሥራ እንዳይቀጠሩ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ የሚያስፈጽመው ግን አልነበረም። በ1840 ዕድሜው ወደ 21 ዓመት ከፍ ብሎ ሌላ ሕግ ወጣ፤ እርሱም በአመዛኙ ሳይከበር ቀረ። ጠራጊዎች በፈቃድ እንዲሠሩ ያስገደደውና ፖሊስ የሚያስፈጽመው ሕግ የወጣው በ1875 ነው። ከፖት ጽሑፍ እስከዚያ ድረስ ልክ አንድ መቶ ዓመት አልፏል። በ1892 ደግሞ ሄንሪ በትሊን የተባሉ የለንደን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ተመሳሳይ ሥራ በሚሠሩ የአውሮፓ አህጉር ጠራጊዎች ላይ በሽታው እምብዛም የማይታየው ለምን እንደሆነ አጠኑ። ያገኙት መልስ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስና በየጊዜው መታጠብ የሚል ነበር።

በጥቀርሻው ውስጥ ያለውን መንስኤ ለይቶ ማውጣት የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሆነ። ጃፓናውያኑ ያማጊዋና ኢቺካዋ የድንጋይ ከሰል ሬንጅ በጥንቸሎች ጆሮ ላይ ለብዙ ወራት በመቀባት በ1915 ካንሰር ማስከተላቸውን አስታወቁ። በ1933 ደግሞ በለንደን ከኧርነስት ኬናዌይ ጋር ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ከሁለት ቶን የሬንጅ ዝቃጭ ውስጥ ቤንዞፓይሪን የተባለውን ውሕድ ነጥለው አወጡ። በዚህ መካከል፣ በ1922፣ በማንቸስተር አካባቢ በጥጥ ፈትል ማሽኖች ላይ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ያው የፖት ካንሰር እንደገና ታየ። ምክንያቱ ከማሽኑ እየተረጨ ሱሪያቸውን የሚያርሰው የማዕድን ዘይት ነበር።

ሆኖም ዕውቀት በእጅ እያለ ሰው እንዴት እንደሚሞት ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው የቀለም ፋብሪካዎች ታሪክ ነው። የ18 ዓመቱ እንግሊዛዊ ዊልያም ፐርኪን በ1856 ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ሐምራዊ ቀለም ከሠራ ወዲህ ሰው ሠራሽ ቀለም፣ በተለይም በጀርመን፣ ታላቅ ኢንዱስትሪ ሆነ። በ1895 የፍራንክፈርቱ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሉድቪግ ሬን (በማግሥቱ ዓመት የተወጋ ልብ በመስፋት ስማቸው የገነነው ሐኪም ናቸው) ፉክሲን የተባለውን ቀይ ቀለም በሚያመርቱ 45 ሠራተኞች መካከል ሦስት የሽንት ፊኛ ዕጢ ማግኘታቸውን በጀርመን የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ አቀረቡ። ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ብርቅ የነበረ በሽታ በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ የሥራ ክፍል ሦስት ጊዜ መታየቱ በአጋጣሚ የሚሆን አልነበረም።

ሬን ተጠያቂ ያደረጉት አኒሊንን ስለነበር በሽታው ለብዙ ዓመታት «የአኒሊን ካንሰር» ተብሎ ተጠራ። ስሙ ሐኪሞችን አሳስቷቸዋል፤ ዋናዎቹ አጥፊዎች በዚያው ሕንፃ ውስጥ የነበሩት ቤታ ናፍታይላሚንና ቤንዚዲን እንደነበሩ ኋላ ታውቋል። (ስለ አኒሊን ራሱ ያለው ክርክር ብዙ ቆይቶ፣ በ2020፣ «ለሰው ካንሰር አምጪ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው» ከሚባለው ክፍል ተመድቧል።) ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1921 ባሳተመው ጥናት ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ ፋብሪካዎች የተሰበሰቡትን መረጃዎች መርምሮ ሁለቱን ኬሚካሎች በስማቸው ጠቅሷል። ጥናቱ የምስጢር ሰነድ አልነበረም። ታትሞ ተሠራጭቷል፤ በቤተ መጻሕፍትም ተቀምጧል። የሕክምና ጽሑፎችን በርእሰ ጉዳይና በጸሐፊ ስም የሚዘረዝረው ኢንዴክስ ሜዲከስ እንኳ በአሜሪካ መታተም ከጀመረ 42 ዓመት ሆኖት ነበር። የጎደለው መጽሐፍ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

በዚህ ጊዜ የአሜሪካ ኬሚካል ኢንዱስትሪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተቋረጠበትን የጀርመን ቀለም ለመተካት ያንኑ ኬሚካል በስፋት ማምረት ጀምሮ ነበር። ትውልደ ጀርመናዊው ፓቶሎጂስት ዊልሄልም ሁፐር በ1930ዎቹ በዱፖንት ኩባንያ የሐስከል ላቦራቶሪ ሲቀጠሩ የሽንት ፊኛ ካንሰር በኩባንያው ሠራተኞች ዘንድ እየታየ ነበር። ሁፐር የጀርመኖቹን ጽሑፎች አንብበው ስለነበር ነገሩ አልገረማቸውም። ያስቸገራቸው በእንስሳት ላይ ማረጋገጡ ነበር። አይጥና ጥንቸል የሚፈለገውን ውጤት ስላልሰጡ በውሾች ሞከሩ፤ ቤታ ናፍታይላሚን ለረጅም ጊዜ የተሰጣቸው ውሾች የሽንት ፊኛ ዕጢ አወጡ። ውጤቱ በ1938 ታተመ። ሁፐር ግን ከዚያ በፊት፣ በ1937፣ ከኩባንያው ተሰናብተው ነበር።

ሥራ ፈት ሆነው የከረሙበትንም ሆነ ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ ሁፐር ያዋሉት ለማንበብ ይመስላል። በ1942 ያሳተሙት የሥራ ላይ ዕጢዎችን የሚመለከት መጽሐፍ ወደ 900 ገጽ የሚጠጋ ሲሆን፣ እስከዚያ ዘመን በበርካታ ቋንቋዎችና መጽሔቶች ተበታትኖ የነበረውን መረጃ በአንድ ጥራዝ ያሰባሰበ ነበር። ከሬንጅ እስከ አርሴኒክ፣ ከጨረር እስከ አስቤስቶስ በአንድ ማውጫ ሥር ተገኙ። አንድ ሐኪም እንግዳ የሆነ የካንሰር ክምችት ሲያጋጥመው የሚከፍተው መጽሐፍ ያገኘው ያኔ ነው። ራሄል ካርሰን በ1962 ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በጻፉት ዝነኛ መጽሐፍ የካንሰርን ምዕራፍ ሲያዘጋጁ በሁፐር ሥራዎች ላይ ተመርኩዘዋል። ይህ ማለት ግን ሁፐር አይሳሳቱም ማለት አይደለም፤ ካንሰርን ከፋብሪካ ጋር ብቻ ለማያያዝ በነበራቸው ጽናት የሲጋራን ጉዳት አሳንሰው በማየታቸው በዘመናቸውም በኋላም ተተችተዋል።

በእንግሊዝ ጉዳዩን ወደ መቋጫው ያደረሰው ከውሻ ይልቅ መዝገብ ነበር። የለንደኑ ሮበርት ኬስና ባልደረቦቻቸው የኬሚካል አምራቾች ማኅበር ባቀረበው ጥያቄ መሠረት በቀለም ፋብሪካዎች ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሠሩትን ሰዎች ስም ከቅጥር መዝገብ አንድ በአንድ እያወጡ ከሞት የምስክር ወረቀቶች ጋር አመሳከሩ። በአጠቃላዩ ሕዝብ የሞት መጠን ቢሰላ ስንት ሰው በሽንት ፊኛ ካንሰር ሊሞት ይገባ እንደነበር አስልተው፣ በእርግጥ ከሞቱት ጋር አነጻጸሩ። በ1954 የታተመው ውጤት ለእነዚህ ኬሚካሎች በተጋለጡ ሠራተኞች ዘንድ በዚህ በሽታ የመሞት ዕድል ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 እጥፍ የሚደርስ መሆኑን አሳየ። በሽታው ሥራ ከተጀመረ በአማካይ ወደ 18 ዓመት ገደማ ቆይቶ የሚታይ በመሆኑ አብዛኛው ሰው ፋብሪካውን ለቆ፣ ሰፈር ቀይሮ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ደም ሸንቶ የሚቀርብ ነበር። ያ ሐኪም የዛሬውን ሥራ ብቻ ከጠየቀ ምንም አያገኝም፤ የዱሮውን መጠየቅ ነበረበት።

ከኬስ ጥናት ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ለንጽጽር ያህል የቀለም ኢንዱስትሪ የሌለባትን የበርሚንግሃም ከተማን መዝገብ ሲመለከቱ በዚያም ያልተጠበቀ የሽንት ፊኛ ካንሰር አጋጠማቸው። ፍለጋው ወደ ጎማ ፋብሪካዎች መራቸው፤ ጎማ እንዳያረጅ የሚጨመረው ማጣፈጫ ኬሚካል ያንኑ ቤታ ናፍታይላሚን የያዘ ነበር። ያልተጋለጡ ናቸው ተብለው የተመረጡት ሰዎች ሳያውቁት ተጋላጮች ሆነው ተገኙ።

የዚህ ኬሚካል ምርት በእንግሊዝ የቆመው ጥናቱ ገና ሳይታተም፣ በ1949 ገደማ ነው፤ በሕግ የተከለከለው በ1967 ነበር። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ቤታ ናፍታይላሚንን ከሌሎች 13 ካንሰር አምጪዎች ጋር በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያዋለው በ1974 ነው። ከሬን ጉባኤ ሲቆጠር 79 ዓመት ይሆናል።

ጤና ባለሙያዎች ይህን ታሪክ የሌሎች ሰዎች ታሪክ አድርገው ሊያነቡት አይችሉም። ሬን ሪፖርታቸውን ባቀረቡበት በዚያው በ1895 ሮንትገን ኤክስ ሬይን አገኙ። በሰባተኛው ዓመት፣ በ1902፣ በሐምቡርግ በኤክስ ሬይ ቱቦዎች ይሠራ በነበረ ሰው እጅ ላይ የቆዳ ካንሰር መውጣቱ ተዘገበ። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ሁለቱንም ክንዶቹን ካጣ በኋላ በ1904 ሞተ። በ1936 በሐምቡርግ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ግቢ ለራዲዮሎጂ ሰማዕታት የቆመው ሐውልት ሲመረቅ 169 ስሞች ተቀርጸውበት ነበር፤ ሐኪሞች፣ ቴክኒሻኖች፣ ፊዚሲስቶችና ነርሶች ናቸው። ከዚያ በኋላም ስሞች ተጨምረዋል። ጨረር ብቻም አይደለም። በ1979 በፊንላንድ የካንሰር መድኃኒት የሚያዘጋጁ ነርሶች ሽንት ሲመረመር የዘረ መል ለውጥ የማስከተል ጠባይ እንዳለው ታየ። መሣሪያ ለማምከን የሚያገለግለው ኤትሊን ኦክሳይድ በ1994፣ የፓቶሎጂ ክፍሎች የዕለት እንጀራ የሆነው ፎርማልዴሃይድ በ2004 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጠባቸው ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል።

ይህንን ዝርዝር የሚያወጣው በዓለም ጤና ድርጅት ሥር በ1965 የተቋቋመውና መቀመጫውን በሊዮን ያደረገው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ነው። ኤጀንሲው በሎሬንዞ ቶማቲስ መሪነት በ1971 የጀመረው የሞኖግራፍ ሥራ እስካሁን ከ130 በላይ ጥራዞች አፍርቷል፤ ከ1000 በላይ ኬሚካሎች፣ ውሕዶች፣ የሥራ ዓይነቶችና ሌሎች ነገሮች ተመዝነውበታል። የሁፐርን መጽሐፍ ቦታ የያዘው ይህ ነው፤ በአንድ ሰው ጉልበት ሳይሆን በየጊዜው በሚሰበሰቡ ባለሙያዎች ጉባኤ የሚዘጋጅ በመሆኑ የተሻለ ሚዛናዊነት አለው። ብዙዎች የሚሳሳቱት በአንድ ነገር ላይ ነው። ምድብ አንድ ማለት ማስረጃው ጠንካራ ነው ማለት እንጂ የጉዳቱ መጠን እኩል ነው ማለት አይደለም። በ2015 በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ ከትምባሆ ጋር በአንድ ምድብ ሲገባ የተነሣው ጫጫታ ከዚህ አለመግባባት የመጣ ነበር።

ዛሬ ከሬን ዘመን የሚለየው መደርደሪያው መከፈቱ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በ1997 ፐብሜድን በነፃ ለቀቀ። በ2002 የዓለም ጤና ድርጅትና አሳታሚዎች የጀመሩት ሂናሪ ኢትዮጵያን ጨምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተቋማት መጽሔቶችን ያደርሳል። የኤጀንሲው ሞኖግራፎችም ያለ ክፍያ ይነበባሉ። መደርደሪያው ግን ይንቀሳቀሳል፤ ለምሳሌ የመርዛማ ነገሮች መረጃ ስብስብ የነበረው ቶክስኔት በ2019 መጨረሻ ተዘግቶ ይዘቱ ወደ ሌሎች የመረጃ ቋቶች ተዛውሯል። ከአሥር ዓመት በፊት በሥልጠና የተሰጠ አድራሻ ዛሬ ባዶ ቢሆን ሊያስደንቅ አይገባም።

ለአገራችን ባለሙያ የእነዚህ መጻሕፍት ጥቅም በዝርዝራቸው ላይ ነው። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ስለ ክሮም ሲጠይቅ «ክሮም ካንሰር ያመጣል» ብሎ መመለስ ግማሽ እውነት ነው። ለማልፋት የሚያገለግለው በአብዛኛው ትራይቫለንት ክሮሚየም ሲሆን ይህ ዓይነቱ ካንሰር ያመጣል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም፤ ምድብ አንድ ውስጥ ያለው ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ነው። በአንጻሩ ከደረቀ ቆዳ የሚነሣው ብናኝ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። በእንጨት ሥራ ቤቶች ያለውም ብናኝ እንዲሁ ነው፤ ይህ የታወቀው በ1960ዎቹ በእንግሊዟ ሃይ ዊኮምብ ከተማ የነበሩት የአንገት በላይ ሐኪም ኤስሜ ሃድፊልድ በበሽተኞቻቸው ዘንድ የቤት ዕቃ ሠሪዎች መብዛታቸውን በማስተዋላቸው ነው። በጋራዦቻችን ግራሶ ያቆሸሸውን እጅ በቤንዚን መታጠብ የተለመደ ነው፤ በቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዚን የተባለው ውሕድ (ስማቸው በአማርኛ አንድ ሆኖ መቅረቱ ለምክር ያስቸግራል) የደም ካንሰር መንስኤ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር ምዝገባ በ2011 የተጀመረ ሲሆን፣ የሽንት ፊኛ ካንሰርን ታሪክ ያነበበ ሰው ከአንድ በሽተኛ የዱሮ ሥራ የሚገኘው መረጃ ለምዝገባ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይረዳል።

ከሕክምና በኋላ ያለው ሕይወት የራሱ ጽሑፍ ያገኘው ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ፊትዝሂዩ ሙላን በ1975 በ32 ዓመታቸው በደረታቸው ውስጥ ካንሰር ተገኘባቸው። ድነው ሥራቸውን ከቀጠሉ በኋላ በ1985 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ «ድኗል» ወይም «አልዳነም» የሚለው ክፍፍል የበሽተኛውን ኑሮ እንደማይገልጽ አስረዱ። በእርሳቸው አመለካከት አንድ ሰው ካንሰር ካለበት ቀን ጀምሮ በሕይወት የመቆየት ወቅቶች ውስጥ ያልፋል፤ የመጀመሪያው የሕክምናው፣ ሁለተኛው የክትትሉና የፍርሃቱ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሽታው የመመለስ ዕድሉ የሚያንስበት ረጅሙ ዘመን ነው። በማግሥቱ ዓመት ከሌሎች ጋር ሆነው የካንሰር ተራፊዎችን ብሔራዊ ኅብረት መሠረቱ። ሙላን ያረፉት በ2019፣ በሽታው ከተገኘባቸው ከ44 ዓመት በኋላ ነው።

የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በ2005 ይፋ ባደረገው ሰፊ ዘገባ ሕክምናውን የጨረሰ እያንዳንዱ ሰው የሕክምናው ማጠቃለያና የወደፊት ክትትሉ ዕቅድ በጽሑፍ እንዲሰጠው አሳስቧል። ከአዲስ አበባ ታክሞ ወደ ዞን የሚመለስ በሽተኛ በአካባቢው ጤና ጣቢያ ሲታይ ምን ያህል ዶክሶሩቢሲን እንደወሰደና ጨረር በየትኛው የሰውነት ክፍል እንዳረፈበት የሚገልጽ ወረቀት ከሌለው፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ የልብ ድካም ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። ከዚያው ወረቀት ላይ የሠራው ሥራና የሠራበት ዘመን ቢሰፍር የኬስ መዝገብ ታናሽ ወንድም ይሆናል።

የሽንት ፊኛ ካንሰር ተራፊዎች ይህ ክትትል ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ናቸው፤ ዕጢው ተመልሶ የመምጣት ጠባይ ስላለው ለብዙ ዓመታት በሲስቶስኮፕ መታየት ይኖርባቸዋል። በክትትሉ ቀን ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ሲጋራ ማጨሳቸውን መቀጠል አለመቀጠላቸው ነው። ቤታ ናፍታይላሚን ከፋብሪካዎቹ ቢባረርም በትምባሆ ጢስ ውስጥ አሁንም ይገኛል።